ሁለተኛው ግልባጭ የት ይቀመጥ? ከካርቱም መዛግብት ታሪክ የምናገኘው ትምህርት

እንደሚታወቀው ዓባይ ከጣና ወጥቶ፣ ጎጃምን ዞሮ፣ የሱዳንን ሜዳ አቋርጦ ካርቱም ሲደርስ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። ወንዞቹ በሚገናኙበት ሥፍራ የቆመችው ከተማ ከአገራችን ታሪክ ጋር ብዙ የተሳሰረች ናት። የጎንደርን መቃጠል፣ የመተማን ጦርነት፣ ከዐድዋ ድል በኋላ በአፄ ምኒልክና በኸሊፋ አብዱላሂ መካከል የተደረገውን የመልእክት ልውውጥ በክፍል ውስጥ ስናስተምር፣ ከማስረጃዎቻችን አንዳንዶቹ የተገኙት ካርቱም ከሚገኘው ቤተ መዛግብት ነው። ስለሆነም የዚያ ቤተ መዛግብት ዕድል የኛም ጉዳይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ በመጀመሪያ ሲሰሙት የኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ይኸውም፣ እጅግ ብዙ የሆነ መረጃ ያለው ሰው ወይም መሥሪያ ቤት ከቤቱ ርቆ የሚቀመጠውን መጠባበቂያ ግልባጭ፣ ባለሙያዎቹ ‹‹ባክአፕ›› የሚሉትን፣ በምን ዘዴ ያዘጋጅ? በፊልም ነው? በቴፕ ነው? በዲስክ ነው? ወይስ በኢንተርኔት ወደ ሌላ አገር መላክ ይሻላል? እኛ ግን ጥያቄው ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ የታሪክ ጥያቄ ነው ብለን እናምናለን። ካርቱም በ140 ዓመት ውስጥ ይህን ፈተና ደጋግማ ተፈትናለች። አንዳንዴ አልፋለች፤ አንዳንዴ ወድቃለች። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ‹‹እ.ኤ.አ.›› ያልተባለ ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

አንደኛው ፈተና፤ የ1877 ዓ.ም. ከበባ

ካርቱም ከተማ የሆነችው የግብፅ ገዢ የነበረው የመሐመድ ዓሊ ጦር እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጀመሪያ ሱዳንን ከያዘ በኋላ ነው። የአገረ ገዢው ጽሕፈት ቤት ግብሩን፣ የጦሩን ደመወዝ፣ የንግዱን ሒሳብ እየመዘገበ ስድሳ ዓመት ያህል ቆየ። በመጨረሻም የመሕዲ ተከታዮች ከተማዋን ከበው በጥር ወር 1877 ዓ.ም. ያዟት። አገረ ገዢው ጄኔራል ጎርደን ተገደለ፤ የመንግሥቱም መዝገብ በአብዛኛው ከከተማዋ ጋር ጠፋ።

ይሁን እንጂ ዛሬ የዚያን ዘመን የሱዳን ታሪክ መጻፍ ተችሏል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ካርቱም ለካይሮ ተጠሪ ስለነበረች ዘገባዋንና ሒሳቧን ወደዚያው ትልክ ነበር፤ የካይሮ ጸሐፊዎችም የገባውንና የወጣውን ደብዳቤ በየመዝገቡ ያሰፍሩ ነበር። እነዚያ ጸሐፊዎች ስለ ወደፊት ታሪክ ጸሐፊዎች አላሰቡም፤ ያሰቡት ስለ ግብር ነው። ነገር ግን ሳያስቡት ከአንድ ሺ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኝ፣ በየጊዜው የሚታደስ ግልባጭ አኖሩ። ካርቱም ስትወድቅ ካይሮ አልወደቀችም።

በዚያው ከበባ ወቅት በዕቅድ የተደረጉ ሁለት ሙከራዎችም ነበሩ። ሁለቱን አነጻጽሮ ማየት ይጠቅማል።

በ1877 አዲስ ዓመት ሰሞን ጎርደን ምክትሉን ኮሎኔል ስቲዋርትን ‹‹ዓባስ›› በተባለች የእንፋሎት ጀልባ ወደ ሰሜን ላከው። ስቲዋርት የከበባውን የቀን ማስታወሻና ሌሎች ሰነዶችን ብቻ ሳይሆን የምሥጢር ጽሑፍ መፍቻውንም አብሮ ይዞ ነበር። ጀልባዋ ከድንጋይ ጋር ተጋጭታ ተሰበረች፤ ስቲዋርትም ወደ የብስ ከወጣ በኋላ ተገደለ፤ ወረቀቱ ሁሉ በመሕዲ እጅ ገባ። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ መሕዲ ለጎርደን ደብዳቤ ጽፎ የተማረከውን ሰነድ ዝርዝር አሳወቀው። ከዚህም የባሰው ነገር መፍቻው ከስቲዋርት ጋር በመሄዱ ጎርደን ራሱ በምሥጢር የሚላክለትን መልእክት ማንበብ አለመቻሉ ነው። ግልባጩንና ቁልፉን በአንድ ጀልባ መጫን፣ ቁልፉንም ያለ ሁለተኛ ማስቀረት፣ ሁለት ስሕተት በአንድ ጉዞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጎርደን የራሱን የቀን ማስታወሻ በስድስት ክፍል እየለየ፣ እንዳለቀ እንዳለቀ በጀልባ ይልክ ጀመር። የመጨረሻው ክፍል ከካርቱም የወጣው በታኅሣሥ ወር 1877 ዓ.ም. ነው። ጸሐፊው ሞተ፤ ማስታወሻው ግን እንግሊዝ አገር ደርሶ በዚያው ዓመት ታተመ። ከስቲዋርት ጉዞ የሚለየው በዕድል ብቻ አይደለም፤ ሁሉን ነገር ለአንድ ጉዞ አደራ ባለመስጠቱም ጭምር ነው። አንዱ ክፍል ቢጠፋ ሌሎቹ በቀሩ ነበር።

ሁለተኛው ፈተና፤ የኦምዱርማን መዝገብ

መሕዲ ካርቱምን በያዘ በወራት ውስጥ ሞተ፤ ኸሊፋ አብዱላሂ መንበሩን በኦምዱርማን አጽንቶ አሥራ ሦስት ዓመት ገዛ። ብዙ ሰው ይህን መንግሥት በጦሩ ብቻ ያውቀዋል። ነገር ግን ጸሐፊዎች የሞሉበት መንግሥትም ነበር። ከካርቱም የተማረከውን የመንግሥት የድንጋይ ማተሚያ ወስዶ የመሕዲን መልእክቶች በብዛት አሳተመ። አንድ መልእክት በአንድ ወረቀት ብቻ ሳይሆን በየክፍለ ሀገሩ በተበተነ ብዙ ቅጂ ሲገኝ፣ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል። ማብዛት ራሱ አንድ የመጠበቂያ ዘዴ ነው።

የኛ ታሪክ ከዚህ መዝገብ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። በጥር ወር 1880 ዓ.ም. የሐምዳን አቡ አንጃ ጦር ደምቢያ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደርን ዘረፈ፤ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ለዚሁ የጦር አዛዥ፣ ሁለቱ ሕዝቦች ከሚጋደሉ ሰላም ቢያደርጉ እንደሚሻል፣ አውሮፓውያን የሁለቱም ጠላት መሆናቸውን ገልጸው ጻፉ። ሰላሙ አልተገኘም፤ በመጋቢት ወር ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ ወደቁ። ከዐድዋ ድል በኋላ ደግሞ አፄ ምኒልክ ከኸሊፋው ጋር ተጻጻፉ። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው የታሪክ ምሁር ጂ. ኤን. ሳንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ አፄ ምኒልክ የውጭ ፖለቲካ ባሳተመው ጽሑፍ የተጠቀመው በእነዚህ የመሕዲያ ሰነዶች ነው። ጎንደርን ያቃጠለው መንግሥት የጠበቀው ወረቀት የኛን መንግሥት ፖሊሲ ለመረዳት የሚያገለግል ምንጭ ሆነ ማለት ነው። ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር አያጣም።

በነሐሴ ወር 1890 ዓ.ም. ከረሪ ላይ የመሕዲያ መንግሥት ተሸነፈ። መዝገቡም ተማረከ፤ በእንግሊዛዊው ዊንጌት ይመራ በነበረው የጦር መረጃ ክፍል እጅ ገባ። መዝገቡ የተረፈው ባለቤቱ ስለጠበቀው ሳይሆን ማራኪው ለስለላ ስለፈለገው ነው። አብዛኛው በኋላ በካርቱም ተቀመጠ። የዊንጌት የግል ወረቀት ግን ሱዳን ነጻ በወጣች ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 በእንግሊዝ አገር በደርሃም ዩኒቨርሲቲ ወደተቋቋመው የሱዳን መዛግብት ክፍል ገባ። ከዚያ ወዲህ የሱዳንን ታሪክ ማጥናት የፈለገ ሱዳናዊ ለአንዳንዱ ወረቀት የእንግሊዝ ቪዛ መጠየቅ ግድ ሆነበት።

ይህን የምናነሣው ለወቀሳ አይደለም። የሩቅ ግልባጭ ሁለት ፊት እንዳለው ለማሳየት ነው። ያድናል፤ ነገር ግን የሚያድነው አዳኙ በር እስከከፈተ ድረስ ነው። ይህን ከኛ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደርና ከሌላውም ሥፍራ የብራና መጻሕፍት ሰብስበው መቅደላ ላይ አከማቹ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አምባው ሲያዝ ወደ 350 የሚሆኑት ለንደን ገቡ፤ ዛሬም እዚያው ናቸው። ሁሉን በአንድ ምሽግ ማከማቸት ጥበቃ ይመስላል፤ ለጠላት ግን ሥራ ማቅለል ነው። ለንደን የደረሱት መጻሕፍት ከ1880ው የጎንደር ቃጠሎ አመለጡ ብሎ የሚከራከር ሰው ይኖራል። ሐሳቡ ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን አደራና ምርኮ አንድ አይደሉም፤ አደራ ባለቤቱ ሲጠይቅ ይመለሳል።

ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር

በነጻነት ዘመን የሱዳን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በመሀል ካርቱም ተደራጅቶ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰነድ ይዞ ከአፍሪካ ትልልቅ ቤተ መዛግብት አንዱ ሆነ። ለብዙ ዓመታት የመሩት ሙሐመድ ኢብራሂም አቡ ሰሊም የመሕዲን ጽሑፎች ከየቅጂው አመሳክረው በሰባት ቅጽ አሳተሙ። መጽሐፍ ሆኖ በየአገሩ ቤተ መጻሕፍት የገባ ሰነድ ካርቱም ብትነድ እንኳ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ሊታተም የሚችለው ከባሕሩ ጭልፋ ብቻ ነው። የቀረውስ?

እዚህ ላይ የዘዴ ምርጫ የሚባለው ነገር ይመጣል። ቁጥሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደምንሠራው እንሥራው። አንድ ገጽ ሰነድ በጥሩ ጥራት ሲነሣ 25 ሜጋባይት ይይዛል እንበል። አንድ ሚሊዮን ገጽ 25 ሚሊዮን ሜጋባይት፣ ማለትም 25 ቴራባይት ይሆናል። ይህን በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ የኢንተርኔት መስመር ብንልከው፣ መስመሩ ሌሊትና ቀን ሳይቋረጥ ቢሠራ 231 ቀን ይፈጃል። አሥር ሚሊዮን ገጽ ከሆነ ከስድስት ዓመት በላይ ነው። በአንጻሩ 25 ቴራባይት እያንዳንዳቸው 18 ቴራባይት በሚይዙ ሁለት የቴፕ ካሴቶች ይገባል። ሁለቱ ካሴቶች በእጅ ቦርሳ ተይዘው በአንድ ቀን ከካርቱም ወደ ፖርት ሱዳን ይደርሳሉ። ስለዚህ መረጃው እጅግ ብዙ ሲሆን ከኢንተርኔት ይልቅ መኪና ሊፈጥን ይችላል።

እያንዳንዱ ዘዴ ግን የራሱ ዕዳ አለው።

ማይክሮፊልም በፖሊስተር ላይ የተሠራና በቀዝቃዛና ደረቅ ቤት የተቀመጠ ከሆነ እስከ 500 ዓመት ይቆያል ተብሎ ይገመታል፤ ለማንበብም አጉሊ መነጽርና ብርሃን ይበቃል። ነገር ግን ሙቀት ጠላቱ ነው። በአሴቴት የተሠራው የድሮ ፊልም ሙቀት ሲያገኘው ይበሰብሳል፤ መበስበሱም በኮምጣጤ ሽታ ይታወቃል። ካርቱም ደግሞ ሙቀቷ በብዙ ወራት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ከተማ ናት።

ቴፕ ርካሽና ብዙ የሚይዝ ነው፤ ሠሪዎቹ እስከ 30 ዓመት ይቆያል ይላሉ። ሆኖም ማንበቢያው መሣሪያ ውድ ነው። አዲሱ መሣሪያ የድሮዎቹን ትውልዶች ቴፕ ሁሉ ስለማያነብ በየጥቂት ዓመቱ ወደ አዲስ ቴፕ መገልበጥ ግድ ነው።

ተንቀሳቃሽ ዲስክ ለመግዛትም ለመጠቀምም ይቀላል። ነገር ግን ዓመታት ሳይነካ የተቀመጠ ዲስክ አንድ ቀን ሲከፍቱት ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ በየጊዜው ተከፍቶ መፈተሽ አለበት።

በኢንተርኔት በኩል በሌላ አገር ኮምፒዩተር ማስቀመጥ ከሁሉ የሚያርቅ ነው። ይሁን እንጂ ለካርቱም ይህ በር ለብዙ ጊዜ ዝግ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2017 በሱዳን ላይ በጣለችው ማዕቀብ ምክንያት ብዙ የአሜሪካ ኩባንያዎች ለሱዳናውያን አገልግሎት አይሰጡም ነበር። ማዕቀቡ ከተነሣም በኋላ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ኢንተርኔት በመንግሥት ትእዛዝ ለአንድ ወር ያህል ተቋረጠ፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ከተካሄደው መፈንቅለ መንግሥት በኋላም ለሳምንታት ተዘጋ። በተጨማሪም ኪራዩ በዶላር በየወሩ የሚከፈል ነው፤ ክፍያው ሲቆም ግልባጩም ይቆማል።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ‹‹የሱዳን ትዝታ›› የተባለው ፕሮጀክት ተጀመረ። በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ በፕሮፌሰር ማሪሊን ዲገን አስተባባሪነት፣ ከሱዳን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ከአንድ የሱዳን የመዛግብት ማኅበርና ከሌሎች ተቋማት ጋር በመተባበር ሰነዶችን፣ ፎቶግራፎችንና ፊልሞችን ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ያዘ። የአትባራው ፎቶግራፍ አንሺ የረሺድ መሕዲ ሥዕሎችም ከተገለበጡት መካከል ናቸው። የፕሮጀክቱ ጥበብ ዋናው ሰነድ ከቦታው ሳይነቀል ግልባጩ ብቻ እንዲሄድ ማድረጉ፣ ሱዳናውያን ባለሙያዎችም በአገራቸው ሠልጥነው ሥራውን ራሳቸው እንዲይዙት መጣሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ በኢንተርኔት ለሕዝብ ተከፈተ። ጦርነቱ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ሦስተኛው ፈተና፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.

በዚያች ቅዳሜ ጧት በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል በመሀል ካርቱም ውጊያ ተከፈተ። ከዚያ በፊት የነበሩት ጦርነቶች በአብዛኛው ከዋና ከተማዋ የራቁ ስለነበሩ፣ በካርቱምና በኦምዱርማን ሁለት ቤት ግልባጭ ያኖረ ሰው ጥንቃቄ ያደረገ ይመስለው ነበር። ድልድይ ብቻ የሚለያቸው ሁለት ከተሞች ግን በአንድ እሳት ውስጥ ገቡ። በግንቦት ወር በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሙሐመድ ዑመር በሺር የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየምም ተዘረፈ። ጦሩ መሀል ካርቱምን መልሶ የያዘው ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል፣ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው።

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የሦስቱ ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎች መስመር ተቋረጠ፤ አገሪቱ በሙሉ ለማለት ይቻላል በጨለማ ዋለች። ዋና ማዞሪያዎቹ ካርቱም ስለነበሩ ካርቱምን የያዘ ኃይል የአገሪቱን ስልክ ያዘ ማለት ነው። በምሥራቅ ያለው አገልግሎት ቀስ በቀስ የተመለሰው ሥራው ወደ ፖርት ሱዳን ከተዛወረ በኋላ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ መጠባበቂያ የሚያስፈልገው ለመረጃው ብቻ ሳይሆን መረጃውን ለሚያሠራውም መሣሪያ ጭምር መሆኑን ነው።

ጦርነቱ በመዛግብት ላይ ያደረሰው ጉዳት ለታሪክ ተመራማሪዎች ብቻ የቀረ አልነበረም። ወደ ካይሮና ወደ አዲስ አበባ የተሰደዱ ብዙ ተማሪዎች የትምህርት ማስረጃቸውን ማግኘት ቸገራቸው። አራት ዓመት ሕክምና የተማረች ልጅ ተምሬአለሁ ብትል ወረቀት ይጠየቃል። ወረቀቱ በተዘጋ ግቢ ውስጥ ከሆነ አራት ዓመቷ እዚያው ተዘጋ። እኛ መምህራን ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

በአንጻሩ በ‹‹ሱዳን ትዝታ›› የተገለበጠው ግልባጩ ለንደን ስለነበረ ጦርነቱ በሚካሄድበት ጊዜ እንኳ በስደት ያለ ሱዳናዊ ሊያየው ቻለ። የተገለበጠው ከጠቅላላው ጥቂት ነው። ነገር ግን ጥቂቱ የተረፈው በሰላም ጊዜ ስለተሠራ ነው። ውጊያ ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው ስካነር ይዞ ወደ ቤተ መዛግብት አይገባም።

የኛ ልማድ

ከቤት ርቆ ግልባጭ ማኖር ለአገራችንም አዲስ ነገር አይደለም። በግራኝ ጦርነት ጊዜ የአብያተ ክርስቲያናት ንዋያተ ቅድሳትና መጻሕፍት ወደ ጣና ደሴቶች ይሸሹ እንደነበር በየገዳማቱ ይነገራል፤ ዳጋ እስጢፋኖስ ዛሬም የነገሥታት ዐፅምና የብራና መጻሕፍት የሚገኙበት ደሴት ነው። አባቶቻችን የመሬት ስጦታንና የውል ቃልን በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ይጽፉ የነበረውም ያለ ምክንያት አይደለም። ወንጌሉን ሊያቃጥል የሚደፍር ሰው ጥቂት ስለሆነ ውሉም አብሮ ይጠበቃል ብለው ነው።

በቅርብ ዘመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ተጀመረ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከአሜሪካ ተቋማት ጋር ተባብራ፣ ብራናዎቹ እየተነሡ ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ ነበር፤ የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ሲቀር ሌላው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ሥራው በተጀመረ በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳ። ቢሆንም ማንሣቱ ሳይቋረጥ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተገለበጡ። ከኢትዮጵያ የተሰደዱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2021 እስከሞቱ ድረስ በዚያ ፊልም ላይ ብዙ ጥናት አበረከቱ። በኢንተርኔት እንልካለን ቢባል ኖሮ ዘዴው ገና አልተወለደም፤ እንጠብቀው ቢባል ደግሞ ስንቱ ብራና በጠፋ ነበር። ስለሆነም የተሻለ ዘዴ እስኪመጣ መጠበቅ ዘዴ አይደለም።

ለምርጫ የሚረዱ ጥያቄዎች

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ተነሥተን ዘዴ ለመምረጥ አራት ጥያቄዎችን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ሁለቱን ቤቶች አንድ አደጋ ሊያገኛቸው ይችላል? የሚቻል ከሆነ ግልባጩ ገና አልራቀም። ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በአደጋው ዓይነት ነው፤ ጎርፍ፣ እሳት፣ ጦርነት፣ የአንድ ሹም ትእዛዝ። በዚህ ምክንያት ነው የዛሬ ባለሙያዎች ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ ቢያንስ አንዱ ከቤት ውጪ ይሁን የሚሉት።

ሁለተኛ፤ ግልባጩ ከዋናው ጋር ታስሯል ወይስ ተለያይቷል? ዋናው ሲሰረዝ ወዲያው አብሮ የሚሰረዝ ግልባጭ ጥላ እንጂ መጠባበቂያ አይደለም። ቢያንስ አንዱ ቅጂ ከማንኛውም መስመር ተነቅሎ መቀመጥ አለበት።

ሦስተኛ፤ ቁልፉ በማን እጅ ነው? ምሥጢሩ እንዲጠበቅ ግልባጩ ይቆለፍ፤ ቁልፉ ግን ከግልባጩ ጋር አይጓዝ፤ አንድ ብቻም አይሁን። የስቲዋርት ጀልባ ትዝ ይበለን። ባዕድ እጅ የሚቀመጥ ከሆነም ባለቤቱ ሲፈልግ እንዲመለስለት አስቀድሞ በጽሑፍ ይታሰር።

አራተኛ፤ መልሶ ማንበብ ተሞክሯል? በገንዘብ ቤት ሒሳብ ሲዘጋ ድምሩ እንደሚመሳከር፣ ኮምፒዩተርም የእያንዳንዱን ፋይል ማረጋገጫ ቁጥር አውጥቶ ከዋናው ጋር ሊያመሳክር ይችላል። በዓመት አንድ ጊዜ ጥቂት ፋይሎች ከግልባጩ ተመልሰው ካልተከፈቱ፣ ግልባጭ አለን ማለት እምነት እንጂ ዕውቀት አይሆንም።

እነዚህ ጥያቄዎች ከተመለሱ በኋላ ፊልም፣ ቴፕ፣ ዲስክ ወይም ኢንተርኔት የሚለው በኪስ፣ በመብራትና በመስመር አቅም የሚወሰን ይሆናል። መረጃው እጅግ ብዙ፣ መስመሩም ደካማ ለሆነበት አገር በቴፕ ወይም በዲስክ ገልብጦ በሰው እጅ ወደ ሌላ ከተማ መላክና፣ ከብዙው መካከል ምትክ የሌለውን መርጦ በኢንተርኔት ወደ ውጭ ማሻገር የሚሻል ይመስለናል።

የኛ ሮስተር

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፤ የተማሪ መዛግብትም ጠፍተዋል። ሮስተሩ የተቃጠለበት ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪ ማስረጃ ሲጠይቅ ከምስክር በቀር ምን ይሰጠዋል?

ሥራው የሚያስፈራ አይደለም። 1,500 ተማሪዎች ያሉት ትምህርት ቤት በየክፍሉ 50 ተማሪ ቢይዝ 30 ክፍል ይኖረዋል። የአንድ ክፍል ሮስተር አራት ገጽ ቢሆን በዓመት 120 ገጽ፣ በ40 ዓመት 4,800 ገጽ ነው። በእጅ ስልክ የተነሣ አንድ ገጽ 4 ሜጋባይት ቢይዝ ጠቅላላው ከ20 ጊጋባይት አይበልጥም። በአንድ ትንሽ ፍላሽ ዲስክ ይገባል። ርእሰ መምህሩ አንዱን በካዝና ቢያኖር፣ የመዝገብ ሠራተኛው ሁለተኛውን በደረሰኝ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ቢያስረክብ፣ ሦስተኛው በሌላ ዞን በሚገኝ አንድ እኅት ትምህርት ቤት በልውውጥ ቢቀመጥ፣ የተማሪው ውጤት ምሥጢር ስለሆነም ሁሉም በይለፍ ቃል ቢቆለፍ፣ የአንድ ክረምት ሥራ ነው። እኛ የእነሱን እንጠብቃለን፤ እነሱ የኛን ይጠብቃሉ።

የካይሮ ጸሐፊዎች ለግብር ብለው የካርቱምን ታሪክ አተረፉ። እኛ ለልጆቻችን ብለን ብናደርገው ከዚያ የሚያንስ ምክንያት አይደለም። መጪው ክረምት ከመግባቱ በፊት የሮስተሩ ሣጥን ይከፈት።